ምዕራፍ 6፦ የሚያየው ማን ነው?

ባለፈው ምዕራፍ ስለ ተራኪው ድምፅ ተነጋግረናል። ታሪኩን የሚነግረን «እኔ» የሚል ሰው ይሁን፣ ስሙም መልኩም የማይታወቅ ሁሉን ዐዋቂ ይሁን፣ አፉ የማን እንደሆነ ካልለየን ልብ ወለዱን በግማሽ እንደምናነበው አይተናል። ሆኖም አንዲት ነገር ሳንነካ አልፈናል። የሚያወራልን ሰውና ነገሩን የሚያየው ሰው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የስልሳ ዓመት አዛውንት በሰባት ዓመታቸው ያዩትን ሲያወሩ አፉ የአዛውንቱ ነው፤ ዐይኑ ግን የዚያ የሰባት ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። ደራሲው ካልተጠነቀቀ ደግሞ በመሀል ዐይኑም የአዛውንቱ ይሆንና ልጁ ከታሪኩ ይጠፋል።

ፈረንሳዊው የሥነ ጽሑፍ ሊቅ ዤራር ዤኔት በ1972 ባሳተመው ሥራው ሁለቱን በሁለት ጥያቄ ነጠላቸው፦ የሚናገረው ማን ነው? የሚያየውስ? (እንደተለመደው በዚህ መጽሐፍ የውጭ ታሪክ ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከእሱ በፊት የነበሩ ብዙ ሃያስያን ሁለቱንም «አንጻር» በሚል ስም አንድ ላይ ይከትቷቸው ስለነበር ክርክሩ አያልቅም ነበር። ለሁለተኛው ጥያቄ ዤኔት «ፎካላይዜሽን» የሚል ስም አወጣለት። ስሙ ያስፈራል፤ ነገሩ ግን አያስፈራም። እኔ በዚህ ምዕራፍ «ዐይን» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ደራሲው ዐይኑን የት አስቀመጠ ማለት ነው።

ማሳያ የማደርጋቸው የጎዳና ልጆችን ጓደኝነት የሚተርኩ ሁለት የልጆች መጻሕፍት ናቸው። የልጆች መጽሐፍ የመረጥኩት ስለሚቀል አይደለም። ኑሯቸው የተለያየ ልጆች ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ዓለም አያውቀውም፤ ስለዚህ ደራሲው ዐይኑን ከማን ጋር እንደሚያኖር መወሰን ግድ ይሆንበታል። በትልልቆች ልብ ወለድ ውስጥ ይህን ስሕተት በቃላት ድሪቶ መሸፈን ይቻላል። ልጅ ግን ሲሰለቸው መጽሐፉን ዘግቶ ይሄዳል።

አዲሱ ተከራይ

አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት ሰባት ቤተሰብ ተከራይቶ ይኖራል እንበል። ውኃ የሚመጣው በሦስት ቀን አንዴ፣ ያውም ሌሊት ነው። የመብራት ቆጣሪው የጋራ በመሆኑ ምጣድ የሚጣደው በተራ ነው። በሩ ጥግ ያሉት እትዬ ከኋለኛው ክፍል ሴትዮ ጋር ከተኳረፉ ቆይተዋል። አሥር ዓመት የኖረበትን ሰው «ግቢው እንዴት ነው?» ብትሉት «ደህና ነው፤ ሰላም ነው» ብሎ ያልፋል። አልዋሸም። ሁሉንም ስለለመደው አይታየውም።

ትናንት ዕቃውን ያስገባው አዲሱ ተከራይ ግን ሌሊት በጀሪካን ኳኳታ ብንን ብሎ ይነሳል። ሌባ የገባ ይመስለዋል። ጠዋት ለእትዬ እጅ ነስቶ ሲያልፍ የኋለኛዋ ሴትዮ ፊቷን ስታዞርበት ያያል፤ ምን እንዳጠፋ አይገባውም። ቅዳሜ ሳይጠይቅ ምጣድ ይጥድና የግቢውን መብራት ድርግም ያደርገዋል። ስለዚያ ግቢ ማወቅ የፈለገ ሰው ከአሥር ዓመቱ ነዋሪ ይልቅ አዲሱን ተከራይ አንድ ሳምንት ቢከተል ይሻለዋል። የማያውቅ ሰው ይደናቀፋል፤ በተደናቀፈ ቁጥርም አንድ ያልተጻፈ የግቢው ሕግ ይገለጣል።

በዚሁ ግቢ ሌሎች ሁለት ዐይኖችም አሉ። አንደኛዋ አከራይዋ ናቸው፤ የማን ኪራይ እንደዘገየ፣ የማን ትዳር እንደተናጋ፣ የማን ልጅ እንደወደቀ ሁሉንም ያውቃሉ። ሁለተኛው በአጥሩ ውጭ የሚያልፈው መንገደኛ ነው፤ ድምፅ ይሰማል፣ በበሩ ክፍተት የተሰጣ ልብስ ያያል፣ ከዚያ በላይ የሚያውቀው የለም። ዤኔት የዘረዘራቸው ሦስት የትረካ ዐይኖችም በመሠረቱ እነዚሁ ናቸው፦ ሁሉን የሚያውቅ፣ ከአንድ ገጸ ባሕርይ ጋር የታሰረ፣ ከውጭ ብቻ የሚያይ።

ስለ ጎዳና ልጆች የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የተጻፈው በመንገደኛው ዐይን ነው። መብራት ይዟቸው በቆሙ መኪኖች መሀል ሶፍትና ማስቲካ ይዞ የሚሯሯጠውን ልጅ ከመስኮት ያየ ሰው ልቡ ይነካል፤ ይጽፋል። ቡትቶው፣ የደረቀ ከንፈሩ፣ ትልልቅ ዐይኖቹ ገጹን ይሞሉታል። አንድ ነገር ብቻ የለም፦ ልጁ ራሱ የሚያየው ነገር። መንገደኛው ከልጁ ጋር አልገባም፤ ማታ የት እንደሚያድር አልተከተለውም፤ ከማን ጋር ተጣልቶ ከማን ጋር እንደታረቀ አያውቅም። ጽሑፉ አንባቢን ያስለቅስ ይሆናል፤ ስለ ጓደኝነት ግን ምንም ሊነግረን አይችልም፤ ጓደኝነት ከመኪና መስኮት አይታይምና።

የዳኛው ልጅ

ቭላድሚር ኮሮሌንኮ በ1853 ዛሬ ዩክሬን ውስጥ በምትገኘው ዢቶሚር ተወለደ። አባቱ በሪቭኔ ከተማ ዳኛ ነበሩ፤ ጉቦ የማይነካ እጅ ነበራቸው። በዚያ ዘመን በዚያ ሥራ ላይ ይህ ብርቅ ነበር፤ ሲሞቱም ለቤተሰባቸው ያወረሱት ሀብት አልነበረም። ልጅየው አድጎ በ1881 ለአዲሱ ንጉሠ ነገሥት ለአሌክሳንደር 3ኛ የታማኝነት መሐላ አልምልም በማለቱ ወደ ያኩቲያ ተጋዘ። «በመጥፎ ጓደኞች መካከል» ልንለው የምንችለውን አጭር ልብ ወለድ በአብዛኛው የጻፈው በዚያ የግዞት አገር ነው። በ1885 «ሩስካያ ሚስል» በተባለው መጽሔት ላይ ታተመ።

ታሪኩ የሚካሄደው ሪቭኔን በምትመስል ትንሽ ከተማ ነው። በከተማዋ ኩሬ መሀል ደሴት ላይ የፈረሰ ቤተ መንግሥት አለ፤ ማደሪያ ያጣ ሁሉ እዚያ ይጠለላል። አንድ ቀን ያኑሽ የሚባል አሮጌ አገልጋይ ማን እንደሚቀርና ማን እንደሚባረር ይለያል። የተባረሩት ጥቂት ሌሊቶች በዝናብ ከተንከራተቱ በኋላ በኮረብታው ላይ፣ ከመቃብሩ አጠገብ ካለው የተዘጋ ጸሎት ቤት ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ ይሰፍራሉ። ከእነሱም አንዱ ቲቡርጺ የሚባል፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነው፤ ሁለት ልጆች አሉት፦ ቫሌክ የሚባል ወንድና ማሩሲያ የምትባል ትንሽ ሴት።

ባለ ዐይኑ ልጅ ከከተማው ወገን ነው። ቫሲያ የዳኛው ልጅ ነው። እናቱ ሞታለች፤ አባቱ በሐዘን ተውጠው እሱን ማየት ትተዋል፤ ያላቸውን ፍቅር ሁሉ ለታናሽ እህቱ ለሶንያ ሰጥተዋል። ስለዚህ ቫሲያ ቀኑን ሙሉ መንገድ ለመንገድ ሲዞር ይውላል፤ የከተማው ሰውም ዱርዬ ይለዋል። አንድ ቀን የሰፈር ልጆችን አስከትሎ ወደ ጸሎት ቤቱ ይወጣል። በሩ ስለተቸነከረ ከፍ ብሎ ባለው መስኮት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ውስጡ ጨለማ ነው። አንድ ነገር ኮሽ ሲል ጓደኞቹ ጥለውት ይፈረጥጣሉ። ከመሠዊያው በታች ካለ ቀዳዳ ግን ጭራቅ አይደለም የሚወጣው፤ ከእሱ ትንሽ ከፍ የሚል ቀጭን ልጅና አንዲት ሕፃን ናቸው። ወንዶቹ ለጠብ ይፋጠጣሉ። ከዚያ ቫሲያ ከኪሱ ፖም ያወጣል።

አዲሱ ተከራይ ገባ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ኮሮሌንኮ የሚያደርገው ነገር ሲሉት ቀላል፣ ሲሠሩት ከባድ ነው፤ ቫሲያ ያላየውን በመጣል፣ ያልገባውን ባለማስረዳት ይቀጥላል።

የተሰረቀው ዳቦ

አንዷን ትዕይንት ቀረብ ብለን እንያት። ቫሲያ ከምድር ቤቱ ልጆች ጋር ተላምዷል። አንድ ቀን ማሩሲያ ቫሌክን ዳቦ ትጠይቀዋለች፤ ቫሌክ ከደበቀበት አውጥቶ ይሰጣታል። ልጅቷ ዳቦውን በሁለት እጇ ይዛ ስትበላ ቫሲያ ግራ ይገባዋል። ገዝተኸው ነው? ይለዋል። በምን ገንዘብ? ለምነህ ነው? ማን ይሰጠኛል ብለህ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቫሲያ ያቀረባቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ በእሱ ዓለም ዳቦ የሚገኝባቸው መንገዶችም ሁለት ብቻ ስለሆኑ ነው። ሦስተኛውን መንገድ ሊያስበው አልቻለም። የደራሲው ብልሃት ያለው እዚህ ነው። ስለ ድህነት አንድም ዐረፍተ ነገር ሳይጽፍ፣ ልጁ ሊጠይቀው በማይችለው ጥያቄ የሁለቱን ቤት ርቀት ለካልን።

ነገሩ ሲገባው ቫሲያ እንደተማረው ይናገራል፤ መስረቅ ጥሩ አይደለም። ቫሌክ አይከራከረውም። ትልልቆቹ ሁሉ ሄደው ነበር፤ ማሩሲያ ርቧት ታለቅስ ነበር፤ አለቀ። ሕፃኗም አዎ፣ ርቦኝ ነበር ትላለች፤ ያለ ምሬት፣ ዝናብ ነበር እንደማለት። ቫሲያ የረሃብን ትርጉም እንደማያውቅ የሚረዳው በዚህች ሰዓት ነው። ለምን እኔን አልጠየቅከኝም፣ ከቤት አመጣ ነበር ይላል። ቫሌክ ጥያቄ ያስከትላል፦ በድብቅ? አዎ። እንግዲያው አንተም ልትሰርቅ ነበር። ቫሲያ ከአባቴ እኮ ነው ይላል። ያ ደግሞ የባሰ ነው፤ እኔ ከአባቴ ሰርቄ አላውቅም ይለዋል የጎዳናው ልጅ።

ይህን ንግግር ባነበብኩ ቁጥር ያስቀኛል፤ ሳቄም ብዙ አይቆይም። የዳኛው ልጅ ሊፈርድ መጥቶ ተፈርዶበት ተመለሰ። ሲመለስም ከጓደኝነቱ የቀነሰ ነገር የለም፤ ግን ከፍቅሩ ላይ ሐዘኔታ ተደርቦበታል፤ ማታ ትራሱ ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። ደራሲው ዐይኑን ለቲቡርጺ ሰጥቶት ቢሆን ስለ ሕግና ስለ ሀብታሞች ጥሩ ንግግር ባገኘን ነበር፤ ሰውየው መናገር ይችልበታል። ለቫሌክ ሰጥቶት ቢሆን ግን ትዕይንቱ አይኖርም ነበር፤ ለእሱ ዳቦው የዕለቱ ጉዳይ ነው፤ የሚያስደንቀው ነገር የለውም። ትዕይንቱ የተወለደው የማያውቀው ልጅ እዚያ ስለቆመ ብቻ ነው።

ልጁ ያየው፣ አንባቢው የተረዳው

ልጅ አዲስ ነገር ሲያጋጥመው የሚለካው በእጁ ባለው መለኪያ ነው። ቫሲያ ማሩሲያን ለመለካት ያለው መለኪያ ሶንያ ናት። ሁለቱም አራት ዓመት አካባቢ ናቸው። ሶንያ ድንቡሽቡሽ ያለች፣ ስትሮጥ የምትንከባለል የምትመስል፣ ስትስቅ ቤቱን የምትሞላ ልጅ ናት። ማሩሲያ ግን እግሮቿ አይጸኑላትም፤ አንገቷ ቀጭን ነው፤ ስትስቅም ድምፅዋ አይወጣም። ቫሲያ ሊያጫውታት ፈልጎ እጇን ይዞ ይሯሯጣል፤ ልጅቷ ታለቅሳለች። እሱም ይገረማል፤ ለምን አትጫወትም?

ልጁ የበሽታ ስም አያውቅም፤ ስለዚህ በእሱ ዐይን የምናይ እኛም የበሽታ ስም አይነገረንም። ቫሌክ ከአባቱ የሰማውን ይነግረዋል፦ ግራጫው ድንጋይ ሕይወቷን እየመጠጠው ነው። ቫሲያ ቃል በቃል ያምናል። የምድር ቤቱን ግድግዳ ሲያይ እውነትም አንድ የማይታይ ነገር ከሕፃኗ ላይ የሚመጠምጥ ይመስለዋል። ትልቁ አንባቢ ደግሞ ከዚያው ቃል ሌላ ነገር ያነብባል፦ እርጥበት፣ ብርድ፣ ባዶ ሆድ፣ የፀሐይ እጦት። አንድ ዐረፍተ ነገር ለሁለት አንባቢ ሁለት መጽሐፍ ሆነ ማለት ነው። ለልጁ የተረት ፍርሃት፣ ለወላጁ የምርመራ ውጤት።

በዚህ ሙያ ውስጥ ላለ ሰው ትልቁ ፈተና ይህን ክፍተት አለመድፈን ነው። ደራሲው ትልቅ ሰው በመሆኑ ሁሉንም ያውቃል፤ ማስረዳት ያምረዋል። ኮሮሌንኮ የመረጠው ተራኪ ያደገው ቫሲያ ነው፤ ልጅነቱን ወደ ኋላ እያየ የሚያወራ ጎልማሳ። ይህ አፍ ሲፈልግ ያብራራል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች የከተማዋን ታሪክ ሲነግረን ሐተታው ረዘም ይላል። ማሩሲያ ስትገባ ግን አፉ ዝቅ ይላል፤ ዐይኑ የልጁ ይሆናል። ባለፈው ምዕራፍ ያየነውን የሁለት ጊዜ ተራኪ ካስታወሳችሁ፣ ጥበቡ አንደኛውን መቼ ዝም ማሰኘት እንደሚገባ ማወቅ ነው።

መጸው ሲገባ ሕፃኗ ትታመማለች። ቫሲያ እህቱን ለምኖ ትልቋን አሻንጉሊት ይወስድላታል፤ እናታቸው ከመሞቷ በፊት ለሶንያ የሰጠቻት ናት። ማሩሲያ ለጥቂት ቀን ከመኝታዋ ተነሥታ አሻንጉሊቷን እየመራች ትሄዳለች። ቤት ውስጥ ግን አሻንጉሊቷ ትፈለጋለች። አባት ልጁን አስጠርተው ይመረምሩታል። ቫሲያ አይናገርም፤ የምድር ቤቱን ሰዎች ምስጢር ላለማውጣት ቃል ገብቷል።

ዐይኑ የት እንዳለ ልብ በሉ። አባትየው በገዛ ቤታቸው መንገደኛ ሆነዋል፤ የሚያዩት ሌባ ልጅ ነው። እኛ ግን ከቫሲያ ጋር ሆነን ሁሉንም እናውቃለን፤ ለአባትየው መንገር አንችልም። የልጆች መጽሐፍ አንባቢን ከወንበሩ ብድግ የሚያደርገው በእንዲህ ዓይነት ቦታ ነው። ከዚያ ቲቡርጺ አሻንጉሊቷን ይዞ ይመጣል። ማሩሲያ ሞታለች። አባትና ልጅ የሚታረቁት በዚያች ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ የሚያልፋት አንዲት ነገር አለች፤ እኔ የመጽሐፉ ልብ ናት እላለሁ። ቫሲያ አባቱን ያወቀው በአባቱ አይደለም፤ በቫሌክ ነው። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ የጎዳናው ልጅ ለዳኛው ልጅ አባትህ የከተማው ምርጥ ሰው ናቸው፣ ሀብታምን አይፈሩም፣ በሀብታም ላይም ይፈርዳሉ ብሎት ነበር። ቫሲያ ይደነግጣል፤ በቤቱ ውስጥ የሚያውቀው ዝምታንና የተዘጋ በርን ብቻ ነው። ኑሯቸው በተለያየ ልጆች ጓደኝነት ውስጥ ባለጸጋው ይሰጣል፣ ድሃው ይቀበላል የሚል ልማዳዊ ሥዕል አለ፤ በዚህ መጽሐፍ ግን ቫሲያ ፖም ሰጠ፣ ቫሌክ አባቱን ሰጠው። የተለዋወጡት ዐይን ነው። የእኔን ቤት ከአንተ ቦታ ቆሜ አየሁት ማለት ከቻለ ልጅ ጓደኛ አግኝቷል፤ ደራሲውም ሥራውን ጨርሷል። ወደደው፣ አፈቀረው፣ እንደ ወንድሙ አየው ብሎ መጻፍ አያስፈልገውም።

ማታ ቤቱ የሚመለስና የማይመለስ

ቫሲያ ማታ ማታ ቤቱ ይመለሳል። ቤቱ ቢቀዘቅዝም አልጋ አለው። እንግዳ ነው እንጂ ነዋሪ አይደለም። ዐይኑ መመለሻ በሌለው ልጅ ላይ ቢቀመጥስ?

ኩርት ክሌበር ጀርመናዊ የሠራተኛ ወገን ደራሲ ነበር። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ ከባለቤቱ ከሊዛ ቴትስነር ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ተሰደደ። እሷም ለልጆች የምትጽፍ፣ ተረት በመንገር የታወቀች ሴት ነበረች። ባል ኩርት ሄልድ በሚል የብዕር ስም በ1941 «ቀይዋ ዞራና ጓዶቿ» የተሰኘውን ልብ ወለድ አሳተመ። ቦታው በክሮኤሺያ የአድሪያቲክ ዳርቻ ያለችው ሰኝ የምትባል የወደብ ከተማ ናት። ከከተማዋ በላይ በኮረብታ ላይ በ1558 የተሠራው የኔሃይ ምሽግ ቆሟል። በመጽሐፉ ውስጥ ቤት የሌላቸው ልጆች የሚያድሩት እዚያ ነው፤ ራሳቸውንም በ16ኛው መቶ ዘመን ሰኝን መናኸሪያ ባደረጉት ተዋጊዎች ስም ኡስኮኮች ብለው ይጠራሉ። መሪያቸው ቀይ ጸጉር ያላት ልጅ ናት፤ ዞራ።

ዐይኑ ግን በአብዛኛው የዞራ አይደለም፤ የብራንኮ ነው። የብራንኮ እናት የትምባሆ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፤ በታሪኩ መጀመሪያ ትሞታለች። አባቱ ቫዮሊን እየተጫወተ ከአገር አገር የሚዞር ሰው ነው፤ የለም። ልጁ በገበያ ቀን የወደቀ ዓሣ ሲያነሣ ሌባ ተብሎ ይታሰራል። ከእስር የምታስመልጠው ዞራ ናት።

ልዩነቱን አያችሁት? ቫሲያ ወደ ጸሎት ቤቱ የወጣው በማወቅ ጉጉት ነው፤ ብራንኮ ወደ ምሽጉ የገባው መሄጃ አጥቶ ነው። አንዱ ግቢውን ሊጎበኝ መጣ፤ ሌላው ፍራሹን ተሸክሞ መጣ። ስለዚህ የብራንኮ ዐይን ከሐዘኔታ ይልቅ ደንብ ይፈልጋል፦ እዚህ ምን ይበላል፣ አለቃው ማን ነው፣ የሚጠላኝስ ማን ነው? ፓቭሌ፣ ኒኮላ፣ ዱሮ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ ዱሮ ብራንኮን ቶሎ አይቀበለውም። ማንም ለማንም አያለቅስም። ሁሉም ያው ድሃ ነው ብሎ ከታች ከከተማው ሆኖ ለሚያያቸው ሰው የማይታየው ልዩነት፣ የትኛው ደፋር፣ የትኛው ቀናተኛ፣ የትኛው ሆዳም እንደሆነ፣ በአዲሱ ልጅ ዐይን ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ፍርዴን ልስጥ። ሄልድ ከኮሮሌንኮ ይልቅ ልጆችን ይዞ መሮጥ ይችልበታል፤ ማምለጡ፣ ዓሣ ማጥመዱ፣ ከሀብታም ተማሪዎች ጋር የሚደረገው ፍልሚያ ገጹን ያስገለብጣል። ነገር ግን ብራንኮ ምሽጉን ሲለምድ የአዲሱ ተከራይ ዐይን ይደበዝዛል፤ መሀል ላይ ጀብዱ በጀብዱ ላይ ይደራረባል። ደራሲውም ይህ የተሰማው ይመስለኛል፤ ልጁን እንደገና ወደማያውቀው ቤት ይወስደዋል፤ ወደ ከንቲባው ልጅ ወደ ዝላታ። ብራንኮ እንደገና እንግዳ ይሆናል፤ እጁን የት እንደሚያሳርፍ ይቸግረዋል። ዞራም ትቀናለች። ታሪኩ ነፍስ የሚዘራው በዚሁ ነው። ዐይን ሲደክም መድኃኒቱ ቦታ መቀየር መሆኑን ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በመጨረሻም ጎሪያን የሚባለው ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ በከተማው ሰው ፊት ለልጆቹ ይቆማል። እሱ የሚያያቸው እንደ ሌባ አይደለም፤ መረብ አብረውት የጎተቱ ሠራተኞች ናቸው። መጽሐፉ በ1979 የቴሌቪዥን ተከታታይ፣ በ2008 ደግሞ ፊልም ሆኗል።

የተቆረጠው መጽሐፍ

ወደ ኮሮሌንኮ ልመለስ፤ አንድ ነገር ቀርቶኛል። መጽሐፉ ከታተመ በኋላ በ1886 «ሮድኒክ» የተባለ የልጆች መጽሔት አሳጥሮ «የምድር ቤት ልጆች» በሚል ርእስ አወጣው፤ በማሳጠሩ ሥራ ደራሲው አልተሳተፈበትም። በሶቪየት ዘመን ትውልድ በትውልድ ላይ በትምህርት ቤት ያነበበው ይህን አጭሩን ነው። የተቆረጠው በአብዛኛው የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ የከተማዋ ገለጻ፣ የደሴቱ ሰዎች ዝና፣ የተባረሩት ሰዎች በየመንገዱ ሲንከራተቱ ከተማው ሌሊቱን እንዴት በፍርሃት እንዳሳለፈ።

አሳጣሪዎቹ ለልጅ አይመችም ብለው ነው፤ እውነትም ዘገምተኛ ክፍል ነው። ግን አሁን የምናውቀውን ዕውቀት ይዘን ስናየው የቆረጡት ጌጥ አልነበረም። በሙሉው መጽሐፍ ውስጥ የምድር ቤቱን ሰዎች መጀመሪያ የምናያቸው በከተማው ዐይን ነው፤ በወሬ፣ በጥርጣሬ፣ በተቆለፈ በር በኩል። ቫሲያም እዚያ ቆሞ ነበር፤ እኛም አብረነው ቆመናል። ኮረብታውን ሲወጣ ዐይናችን አብሮት ይወጣል፤ ድካሙም ይሰማናል። ያ ክፍል ሲቆረጥ ልጁ ገና ከመጀመሪያው ደግ ሆኖ ይመጣል፤ የሚሻገረው አጥር የለም። ጓደኝነቱ ዋጋው ይወርዳል።

ይህ ታሪክ መቆረጥ ዕጣው ሳይሆን አልቀረም። የፊልም ዳይሬክተሯ ኪራ ሙራቶቫ በ1983 «በግራጫ ድንጋዮች መካከል» ብላ ወደ ፊልም ስትለውጠው ሳንሱር እንደገና ቆራረጠው። እሷም ስሟን ከፊልሙ ላይ አነሣች፤ በዳይሬክተርነት የተጻፈው «ኢቫን ሲዶሮቭ» የሚል የፈጠራ ስም ነው።

በሚቀጥለው ምዕራፍ ወደ ጊዜ እንሸጋገራለን፤ ደራሲ አሥር ዓመትን በአንድ መስመር፣ አንድን ሰዓት በሃያ ገጽ እንዴት እንደሚያስኬድ። እስከዚያው ኮሮሌንኮን በእንግሊዝኛም ሆነ በሌላ በምታውቁት ቋንቋ ካገኛችሁት አጭሩን ትታችሁ ሙሉውን አንብቡ፤ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎችም አትዝለሉ። ለልጆቻችሁ የምታነቡላቸው ከሆነ ግን ሕፃኗ እንደምትሞት አስቀድማችሁ እወቁና ከመኝታ በፊት ሳይሆን በቀን አንብቡላቸው።